ስለ ታይዋን፣ ስለ ቺፕ እና ስለ አሜሪካ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ታይዋን ዜና በወጣ ቁጥር የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቺፕ የሚባለው ነገር ራሱ ምንድን ነው?

አንድ ቀን ቴክኖ ስልኬ አልበራ አለኝና ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሲከፍተው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። ባትሪውን አነሳ፣ ቦርዱን አወጣ፣ ስሷን የብረት ሽፋን በሙቀት አላቀቃት። ከሥሯ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ጥቁር አራት ማዕዘን ነገር አለች። በጉጠቱ ጫፍ እያሳየኝ «ዋናዋ ይቺ ናት፣ ሌላው ሁሉ ለእሷ ነው የሚሠራው» አለኝ። በማጉያ መነጽር ስናያት ሚዲያቴክ የሚል ጽሑፍ አለባት። ሚዲያቴክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ታይዋን ውስጥ ሺንቹ የምትባል ከተማ ነው።

ቺፕ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ከሲሊከን የተሠራ ስስ ቁራጭ ሲሆን በላዩ ላይ ትራንዚስተር የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉና የሚዘጉ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ተቀርጸውበታል። በአንድ ዘመናዊ የስልክ ቺፕ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አሉ። ስልክ፣ መኪና፣ የሆስፒታል ማሽን፣ የባንክ ሰርቨር፣ ሚሳኤል፣ ሁሉም ያለ እሱ ዝም ያለ ብረት ነው።

ሁሉም ቺፕ የሚሠራው ታይዋን ነው እንዴ?

ሁሉም አይደለም። ተራውን ቺፕ ቻይናም፣ አሜሪካም፣ ጃፓንም፣ አውሮፓም ይሠራሉ። በሜሞሪ ቺፕ ደቡብ ኮሪያን የሚያክል የለም። ታይዋን ሌላውን ሁሉ ጥላ የሄደችው እጅግ በረቀቁት ቺፖች ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ ከመቶ 90 ገደማው የሚወጣው ከእሷ ነው። ስፋቷ ደግሞ 36 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 30 ጊዜ ትገባለች።

የነገሩ አባት ሞሪስ ቻንግ ይባላል። በ1931 ቻይና ውስጥ ተወለደ፣ አሜሪካ ተማረ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በተባለው ኩባንያ 25 ዓመት ሠራ። ከዚያ የታይዋን መንግሥት ጠራውና በ1987 ቲኤስኤምሲ የተባለውን የቺፕ አምራች ኩባንያ አቋቋመ። ግማሽ ያህሉን ገንዘብ ያዋጣው መንግሥት ነው፤ የሆላንዱ ፊሊፕስም ገብቶበታል። የቻንግ ሐሳብ ቀላል ነበር። ልብስ ነዳፊና ልብስ ሰፊ የተለያዩ ሰዎች መሆን ይችላሉ፣ ቺፕም እንደዚያው። እሱ የራሱን ቺፕ አይነድፍም፣ ሌላው የነደፈውን ብቻ ይሠራል። ደንበኛው ንድፌን ሰርቆ ይወዳደረኛል ብሎ አይሰጋም። ዛሬ አፕል፣ ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲ የራሳቸው የቺፕ ፋብሪካ የላቸውም። ይነድፋሉ፣ ታይዋን ትሠራላቸዋለች።

አሜሪካና ቻይና ይህን ሁሉ ገንዘብ ይዘው ራሳቸው ለምን አይሠሩትም?

ገንዘብ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። የረቀቀ ቺፕ ለመሥራት የግድ የሚያስፈልግ አንድ ማሽን አለ፤ በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ የሆላንድ ኩባንያ ብቻ ነው፣ ኤኤስኤምኤል ይባላል። ማሽኑ ውስጥ የቀለጠ ቆርቆሮ በጠብታ ይወርዳል፣ በሰከንድ 50 ሺህ ጠብታ። እያንዳንዷ ጠብታ እየወረደች ሳለች በሌዘር ትመታና ከፀሐይ ወለል በብዙ እጥፍ ወደሚበልጥ ሙቀት ትለወጣለች። ከዚያ የሚወጣው ብርሃን በጀርመን በተሠሩ መስታወቶች እየተንጸባረቀ ሲሊከኑ ላይ ንድፉን ያትማል። የአንዱ ማሽን ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አንድ ቺፕ ከጥሬ ሲሊከን ተነስቶ እስኪያልቅ ሦስት ወር ገደማና ከሺህ በላይ የሥራ ደረጃ ይፈልጋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ለ30 ዓመት ሲሳሳቱና ሲያርሙ የኖሩ ሰዎች አሉ። ይህን በአንድ በጀት ዓመት መግዛት አይቻልም።

ቻይና ማሽኑን እንዳታገኝ አሜሪካ ዘግታባታለች። በጥቅምት 2022 የወጣው የኤክስፖርት ገደብ ደግሞ የባሰ ጠበቅ አደረገው። ቻይናም አልተቀመጠችም፤ በ2023 ሁዋዌ በቻይና ፋብሪካ በተሠራ ባለ 7 ናኖሜትር ቺፕ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቺፑ የረቀቀ ነው) ስልክ አውጥቶ ብዙ ሰው አስደንቋል። ግን አሁንም ከታይዋን ኋላ ናት።

ታይዋን አገር ናት ወይስ የቻይና ግዛት?

እንደምትጠይቁት ሰው ይለያያል። ቤጂንግ ግዛቴ ናት ትላለች፣ ዛሬ እዚያ ያለው የኮሚኒስት መንግሥት ግን አንድም ቀን አስተዳድሯት አያውቅም። በ1949 የቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ የተሸነፈው የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት ወደ ደሴቷ ሸሸና እዚያው ቀረ። ዛሬ 23 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርባታል፤ የራሷ ምርጫ፣ የራሷ ጦር፣ የራሷ ገንዘብ አላት። በ1971 ግን በተባበሩት መንግሥታት የቻይና ወንበር ለቤጂንግ ተሰጠ።

የኢትዮጵያ አቋም ግልጽ ነው። በ1970 ከቤጂንግ ጋር ግንኙነት መሥርታለች፣ በቀጣዩ ዓመት ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ማኦን አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ንጉሥም ደርግም ኢሕአዴግም ከዚህ መስመር አልወጡም። አፍሪካ ውስጥ ለታይዋን እውቅና የምትሰጠው ኢስዋቲኒ ብቻ ናት።

አሜሪካ ታይዋንን የመከላከል ግዴታ አለባት?

የለባትም። ብዙ ሰው አለባት ብሎ ያምናል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ድሮ ነበረባት። በ1954 የጋራ መከላከያ ስምምነት ተፈራርመው ነበር። አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1979 ጀምሮ ለቤጂንግ እውቅና ስትሰጥ ስምምነቱ እንዲያበቃ ተወሰነና ከዓመት በኋላ ፈረሰ። ኮንግረሱ ይህ አልዋጥ ብሎት በሚያዝያ 1979 የታይዋን ግንኙነት ሕግ የሚባለውን አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ካርተርም ፈረሙበት። እስከ ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው።

ሕጉ የሚለው ሦስት ዋና ነገር ነው። አንደኛ፣ አሜሪካ ለታይዋን የመከላከያ መሣሪያ ታቀርባለች። ሁለተኛ፣ የታይዋንን እጣ ሰላማዊ ባልሆነ መንገድ፣ በንግድ ማዕቀብና እገዳም ጭምር፣ ለመወሰን የሚደረግ ማንኛውም ሙከራ ለአሜሪካ እጅግ አሳሳቢ ነው። ሦስተኛ፣ አሜሪካ ይህን ዓይነቱን ኃይል ለመቋቋም የራሷን አቅም ጠብቃ ትቆያለች። ልብ በሉ፣ አቅሙን ጠብቃ ትቆያለች ነው የሚለው። ትጠቀምበታለች አይልም። አደጋ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ፕሬዚዳንቱና ኮንግረሱ ይወስናሉ ብሎ ያልፋል። ወታደር እልካለሁ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

መሣሪያውስ ቢሆን? በ2019 ለታይዋን 66 ኤፍ-16 ተዋጊ ጄት እንዲሸጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ጄት ከፋብሪካ ወጥቶ ርክክብ የተደረገበት በ2025 ነው። ስድስት ዓመት ማለት ነው።

ታዲያ አሜሪካ እዋጋለሁ ወይም አልዋጋም ብላ ለምን በግልጽ አትናገርም?

ሆን ብላ ነው የምታድበሰብሰው። «በእርግጠኝነት እዋጋለሁ» ብትል በዋና ከተማዋ ታይፔ ያለው መንግሥት ተማምኖ ነጻነት ያውጃል፣ ያኔ ቻይና ጦርነት ትከፍታለች የሚል ስጋት አለ። ቻይና በ2005 ታይዋን ብትገነጠል ኃይል እንደምትጠቀም በሕግ ደንግጋለች። «አልዋጋም» ብትል ደግሞ ቤጂንግ መንገዱ ተከፈተልኝ ትላለች። ስለዚህ ሁለቱም ወገን እየተጠራጠረ እንዲቀመጥ ይደረጋል።

አልፎ አልፎ ጥርጣሬው ወደ አንዱ ያጋድላል። በ1996 ታይዋን የመጀመሪያውን ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫዋን ልታካሂድ ስትል ቻይና በደሴቷ አቅራቢያ ሚሳኤል ተኮሰች፣ ክሊንተን ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ከነአጃቢዎቻቸው ላኩ። ባይደን ደግሞ በ2021 እና በ2022 ታይዋንን እንከላከላለን ብለው አራት ጊዜ ተናገሩ። ከየንግግሩ በኋላ ባለሥልጣኖቻቸው ወጥተው ፖሊሲው አልተለወጠም አሉ። እኔ ነገሩ እስካሁን ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። የሚያሳስበኝ፣ በ1996 ቻይና እነዚያን መርከቦች የምታስፈራራበት ብዙ ነገር አልነበራትም፤ ዛሬ ግን ከባሕር ዳርቻዋ ሆና በሩቁ የምትመታበት ሚሳኤል አላት። ቃሉ ያው ነው፣ የሚጠይቀው ዋጋ ግን ያው አይደለም።

የአሜሪካ ጦር ራሱ በታይዋን ቺፕ ነው የሚዋጋው ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። ባይደን በ2022 ጃቭሊን የተባለው ፀረ ታንክ ሚሳኤል የሚሠራበትን ፋብሪካ ሲጎበኙ በአንዱ ሚሳኤል ውስጥ ከ200 በላይ ቺፕ እንዳለ ተናግረዋል። አብዛኛው የጦር መሣሪያ የሚጠቀመው አዲሱን ሳይሆን የቆየውን ዓይነት ቺፕ ነው፣ ያ ደግሞ ከሌላ ቦታም ይገኛል። ኤፍ-35ን በመሳሰሉት ተዋጊ ጄቶች ውስጥ ያሉት ከፍ ያሉ ቺፖች ግን ከታይዋን ፋብሪካ እንደሚወጡ ተደጋግሞ ተዘግቧል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያንቀሳቅሱት የኤንቪዲያ ቺፖችም እንዲሁ።

ፔንታጎን ለምስጢራዊ ሥራዎች የታመኑ ፋብሪካዎች የሚላቸው አሉት። ከእነዚህ ዋነኛው የአይቢኤም ነበር። አይቢኤም በ2015 የቺፕ ፋብሪካዎቹን ግሎባልፋውንድሪስ ለተባለ ኩባንያ አስረከበ፣ የዚህ ኩባንያ ትልቁ ባለድርሻ ደግሞ የአቡ ዳቢ መንግሥት ፈንድ ነው። እሱም በ2018 ከዚህ በላይ የረቀቀ ቺፕ ለመሥራት የሚደረገውን እሽቅድምድም ትቶ ወጣ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ተሳስቷል ለማለት ይከብዳል። እያንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ የሚያዋጣውን አደረገ፣ ሲደመር ግን አገሪቱ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ደሴት ላይ ተንጠለጠለች።

«ሲሊከን ጋሻ» የሚባለውስ? ቺፑ ታይዋንን ከጦርነት ያድናታል?

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ዓለም ሁሉ ቺፑን ይፈልጋል፣ ቻይናም ጭምር። ቻይና በብዙ ዓመታት ለቺፕ የምታወጣው ገንዘብ ለድፍድፍ ነዳጅ ከምታወጣው ይበልጣል። ስለዚህ ማንም የሚበላበትን ድስት አይሰብርም ነው ክርክሩ።

እኔ በዚህ ጋሻ ብዙ አልተማመንም። አገሮች በታሪክ ውስጥ የሚበሉበትን ድስት ሲሰብሩ ታይተዋል። ቤጂንግ ታይዋንን የፈለገችው ቲኤስኤምሲ ከመወለዱ 38 ዓመት በፊት ነው፣ አሜሪካም መርከቧን ወደዚያ ባሕር የላከችው በ1950 ነው፤ ያኔ ታይዋን የምትታወቀው በስኳርና በሩዝ ነበር። ቺፑ ጸቡን አልፈጠረውም፣ ስለዚህ ብቻውን ሊያቆመውም አይችልም። የሚያደርገው ነገር ጦርነቱ ቢመጣ ኪሳራው ሌላውም አገር ቤት ድረስ እንዲገባ ነው። በ2021 ቺፕ ሲጠፋ ምን እንደሆነ አይተናል። ፎርድ አልቀው ቺፕ ብቻ የጎደላቸውን የጭነት መኪናዎች ኬንታኪ ውስጥ አንድ የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ ደርድሮ አቆማቸው። ያ የሆነው አንድም ፋብሪካ ሳይመታ ነው።

ቻይና ፋብሪካዎቹን እንዳሉ ብትይዛቸውስ?

የምትይዘው ሕንጻ ነው። ማሽኖቹ የሆላንድ፣ የጃፓንና የአሜሪካ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋሉ። የንድፍ ሶፍትዌሩ በአብዛኛው የአሜሪካ ነው። ኬሚካሉ በብዛት ከጃፓን ይመጣል። መሐንዲሶቹም በጠመንጃ ተገደው ይህን ሥራ ይሠራሉ ማለት ዘበት ነው።

ወረራን ትተን ሌላውን እናስብ። ታይዋን ከምትጠቀመው ኃይል ከመቶ 95 በላዩን የምታስገባው በመርከብ ነው። የመጨረሻዋን የኑክሌር ማመንጫ በግንቦት 2025 አጥፍታለች። የተፈጥሮ ጋዝ ክምችቷ የሚበቃት ለ11 ቀን ገደማ ነው ይባላል። ቲኤስኤምሲ ብቻውን ከአገሪቱ መብራት ከመቶ 8 ገደማ ይወስዳል። ቻይና ተኩስ ሳትከፍት መርከቦቹን «ልፈትሽ» ብላ ብታዘገይ ምን ይሆናል? መብራት ለአፍታ ሲቋረጥ መስመር ላይ ያለው ምርት እንደሚበላሽ የዚህ ሥራ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። ለእኔ ከማረፊያ ጀልባ ይልቅ የሚያስፈራው ይኼ ነው፤ ምክንያቱም የ1979ኙ ሕግ የንግድ እገዳን በስም ቢጠቅስም፣ ለፍተሻ ብሎ መርከብ የሚያስቆም የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ላይ ተኩስ የሚከፍት ፕሬዚዳንት ማግኘት ከባድ ነው።

አሜሪካ አሪዞና ላይ ፋብሪካ እየሠራች ነው አይደል? ጥገኝነቱ አበቃ?

ቀንሷል፣ አላበቃም። ባይደን በነሐሴ 2022 የፈረሙት የቺፕ ሕግ ወደ 53 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ቲኤስኤምሲ ፊኒክስ ከተማ አጠገብ የጀመረው ፋብሪካ በ2024 መጨረሻ ባለ 4 ናኖሜትር ቺፕ ማምረት ጀመረ። በመጋቢት 2025 ጠቅላላ እቅዱን ወደ 165 ቢሊዮን ዶላር አሳደገው። ጃፓን ኩማሞቶ ላይም ፋብሪካ ከፍቷል፣ ጀርመን ድሬዝደን ላይም እየሠራ ነው።

ግን የቅርብ ጊዜው ባለ 2 ናኖሜትር ምርት የተጀመረው ታይዋን ነው። አዲሱ ቴክኖሎጂ መጀመሪያ አገር ቤት ይበስላል፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። አሪዞና የተሠራ የኤንቪዲያ ቺፕም ከሜሞሪው ጋር ተዋህዶ ለመታሸግ ወደ ታይዋን መሄድ ነበረበት። የማሸጊያ ፋብሪካም ለአሪዞና ታቅዷል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

እኛን ምን አገባን?

ስልካችሁን አስቡ። ቴክኖም ሆነ ኢንፊኒክስ፣ አዲስ አበባ ቢገጣጠምም ልቡ ብዙ ጊዜ ታይዋን የተነደፈ ሚዲያቴክ ነው። በ2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ከተማውን የሞላው የኤሌክትሪክ መኪና ከድሮው ቪትዝ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቺፕ ይዟል። የሕዳሴን መብራት እየገዙ ቢትኮይን የሚያመርቱት ማሽኖችም ውስጣቸው ያለው ቺፕ በአብዛኛው ከታይዋንና ከኮሪያ ፋብሪካ የወጣ ነው። ያ ባሕር ቢዘጋ መርካቶ የስልክ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ይነግራችኋል።

ፋብሪካው ወደ አሜሪካ ከሄደ፣ የአሜሪካ ቃልስ አብሮ ይሄዳል?

ታይዋን ውስጥ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ጥያቄ ይኼ ነው። ትራምፕ በሐምሌ 2024 በወጣ ቃለ ምልልሳቸው ታይዋን የቺፕ ሥራችንን ወስዳለች፣ ለመከላከያዋም ልትከፍለን ይገባል ብለዋል። ነገሩ በዚህ ሒሳብ ብቻ ከታየ፣ አሪዞና ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ፋብሪካ ታይዋንን የመከላከያ ምክንያት ይቀንሳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። የታይዋን ችግር ጎረቤቷ የሚያስፈራት መሆኑ ነው፣ ያላት የሩቅ ዘመድ ብቻ ነው።

እኔ ግን ቃልን በቺፕ መለካት ከመነሻው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ይህን የምለው ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ጭምር ነው። በ1936 ጃንሆይ ጄኔቫ ቆመው የመንግሥታቱ ማኅበር የገባልንን ቃል ይጠብቅ ብለው ሲለምኑ ኢትዮጵያ ለማንም ብርቅ የሆነ ፋብሪካ አልነበራትም። የተጻፈ ቃል ነበራት፣ አልተጠበቀም። 15 ዓመት ቆይቶ በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በጅቡቲ በኩል መርከብ ተሳፍረው ፑሳን ገቡ። ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ፣ አብዛኞቹ ኮሪያ የት እንዳለች እንኳ የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ አንድም አልተማረከም። ያኔ ኮሪያ የሚጠበቅ ቺፕ አልነበራትም፣ ያላት የፈረሰ ከተማና የተራበ ሕዝብ ነበር። ሳምሰንግ ወደ ቺፕ የገባው በ1974 ነው። ዛሬ ቃኘው የተዋጋበት የቹንቾን አካባቢ የመታሰቢያ ሐውልት አለ፣ ጃንሆይ ራሳቸው በ1968 ሄደው የመረቁት። ከዚያ በመኪና ጥቂት ሰዓት ስትጓዙ የዓለምን ሜሞሪ የሚሠሩት የሳምሰንግና የኤስኬ ሃይኒክስ ፋብሪካዎች አሉ።

ኮሪያ እዚህ የደረሰችው ግን በእነዚያ ልጆች ደም ብቻ አልነበረም። ጦርነቱ እንደቆመ በ1953 ከአሜሪካ ጋር የተጻፈ የመከላከያ ስምምነት ተፈራረመች፣ እስከ ዛሬ 28 ሺህ 500 ገደማ የአሜሪካ ወታደር አፈሯ ላይ አለ። ታይዋን ያላት የ1979ኙ ሕግ፣ ዘግይቶ የሚመጣ መሣሪያ፣ እና ከ2024 ጀምሮ ከ4 ወር ወደ 1 ዓመት ከፍ ያለ የራሷ ወጣቶች ወታደራዊ አገልግሎት ነው።